ለድመቷም ለእማዬም የሚመች ቤት

(የንባብና የቃላት ትምህርት፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች)

ልጆች፣ «ቤታችሁ ውስጥ ምን ቢኖር ደስ ይላችኋል?» ብለን በክፍል ስንጠይቅ ብዙዎቻችሁ «ድመት!» «ውሻ!» ብላችሁ ጽፋችኋል። ወላጆቻችሁን ስንጠይቅ ደግሞ መልሱ ሌላ ነው፦ «ኧረ እባካችሁ፣ ሶፋዬን!» ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ስለዚህ ዛሬ የምናነበው ሰውና እንስሳ ሳይጣሉ አብረው የሚኖሩበት ቤት እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። የማታውቁት ቃል ሲያጋጥማችሁ አስምሩበት፤ የአንዳንዶቹ ፍቺ ከታች አለ።

ወላጆቻችሁ ባደጉበት አገር ብዙውን ጊዜ ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ድመት ደግሞ ማድቤት አካባቢ አይጥ ታድናለች። ውሻው በር ላይ ይተኛል እንጂ ሳሎን አይገባም። ስለዚህ «ውሻ? ቤት ውስጥ?» ብለው ቢገረሙ እንስሳ ስለሚጠሉ አይደለም። እዚያ ግቢ ነበረው፤ እዚህ ግን አብዛኞቻችን የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። እንስሳው የሚተኛው፣ የሚበላውና የሚጫወተው እኛው ሳሎን ውስጥ ነው። ታዲያ ሳሎኑ ለእሱም መታሰብ አለበት ማለት ነው።

ከድመት እንጀምር፤ ብዙ ጣጣ ያለው እሷ ጋ ነውና።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት ሰምታችኋል? ተረቱ የሚነገረው ስለ ሰው ነው፤ ለድመቷ ለራሷም ግን በትክክል ይሠራል። ድመት መቧጨር አትተውም። የምትቧጭረው ደግሞ በክፋት አይደለም። ያረጀው የጥፍሯ ሽፋን እንዲወልቅላት፣ ትከሻዋንና ወገቧን ለማፍታታት፣ እንዲሁም ከመዳፏ የሚወጣውን ሽታ ትታ «ይህ ቦታ የእኔ ነው» ለማለት ነው። እኛ ሽታውን አናሸተውም፣ እሷ ግን ታውቀዋለች። ብትጮኹባት እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት ትቧጭራለች እንጂ አትተወውም።

እስቲ አሁን ቤታችሁን በድመት ዓይን እዩት። ሳሎኑ ጥግ ላይ ምን ቆሟል? መሶብ! ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋ፣ ሻካራ፣ ቁመቱም ለድመት ልክ የሆነ። ለእማዬ መሶቡ ከአገር ቤት በስንት ጭንቅ፣ በሻንጣ ተጠቅልሎ የመጣ ንብረት ነው። ለድመቷ ግን ከዚህ የተሻለ መቧጨሪያ በዓለም ላይ የለም። ጋቢና ነጠላም እንዲሁ ነው፤ ጥፍሯ ክሩን ይይዝና ይመዘዋል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም።

ስለዚህ ድመቷ ከመምጣቷ በፊት ለእሷ የሚሆን መቧጨሪያ ምሰሶ ይዘጋጅ። ከሱቅ መግዛት ይቻላል፤ ከአባባ ጋር ሆናችሁ ብትሠሩት ግን ይረክሳል፣ ደስም ይላል። አንድ ጠንካራ እንጨት፣ ሰፊና ከባድ መሠረት፣ ከላይ እስከ ታች የሚጠመጠም የቃጫ ገመድ ይበቃል። ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ቁመቱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ድመቷ ሙሉ በሙሉ ተዘርግታ መንጠራራት ካልቻለች አትፈልገውም። ሁለተኛ፣ መነቃነቅ የለበትም። አንድ ጊዜ ከተወዛወዘባት ተመልሳ አትነካውም፣ ወደ ሶፋው ትሄዳለች። ብዙ ሰው ምሰሶውን «ሳሎን ያበላሻል» ብሎ ዕቃ ቤት ይደብቀዋል። ያኔ ከንቱ ነው! ድመቷ ከእንቅልፏ ስትነሳ የምትንጠራራበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሶፋው አጠገብ፣ መቆም አለበት። ምሰሶውን እስክትለምድ ድረስ ደግሞ መሶቡ በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ።

ድመት ከፍታም ትወዳለች። ከመደርደሪያዎቻችሁ የአንዱን የላይኛው ክፍል ባዶ አድርጋችሁ አሮጌ ፎጣ ብታነጥፉላት፣ እንግዳና ሕፃናት ሲመጡ አልጋ ሥር ከመደበቅ እዚያ ላይ ሆና ታያችኋለች። መደርደሪያው ግን ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ ይሁን፤ አለዚያ ከነድመቷ ሰው ላይ ይወድቃል።

የአሸዋ ሣጥኗን ነገር እማዬ ሳትጠይቅ አትቀርም። የእንስሳት ሐኪሞች ምክር በድመቶቹ ቁጥር ላይ አንድ ጨምሩ ነው፤ አንድ ድመት ካለች ሁለት ሣጥን። ከምግቧ የራቀ ቦታ ይሁን፤ እኛስ ሽንት ቤት ውስጥ እንበላለን እንዴ? የሚጮኸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብም አይሁን፣ ትደነግጣለች። በየቀኑ ከጸዳ አይሸትም። ነፍሰ ጡር ሴት ግን እንዳታጸዳው፤ በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ጥገኛ ተዋሲያን ያልተወለደውን ሕፃን ሊጎዳ ይችላል። ሌላ ሰው ያጽዳ፣ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ከፍ ያለ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ልጆች ይህን በደንብ አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ አንድ ጥናት በኒው ዮርክ ከተማ በአምስት ወር ጊዜ ውስጥ ከፎቅ ወድቀው ወደ አንድ የእንስሳት ሆስፒታል የመጡ 132 ድመቶችን ይቆጥራል። አብዛኞቹ በሕክምና ድነዋል፣ ግን ድመት ሁልጊዜ በእግሯ ታርፋለች ብላችሁ አትመኑ። ወፍ ስታይ ራሷን ትረሳለች። መስኮትና በረንዳ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ያስፈልጋቸዋል፤ ለትንኝ የሚደረገው ስስ መረብ የድመትን ክብደት ላይችል ይችላል።

አበባስ? ሊሊ የሚባለው አበባ በፋሲካ ሰሞን ብዙ ቦታ ይሸጣል፤ መልኩ ያምራል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ለድመት ግን መርዝ ነው። ቅጠሉ፣ የአበባው ዱቄት፣ የተቀመጠበት ውኃ እንኳ ኩላሊቷን ያጠፋል። ድመት ባለበት ቤት ሊሊ ጨርሶ አይግባ፤ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ከፍታ እንደምትወድ ከላይ አንብበናልና።

ወደ ውሻ እንለፍ። የውሻ ትልቁ ችግር ገበታችን ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። የመሶቡ አፍና የውሻው አፍንጫ አንድ ቁመት ላይ ናቸው! ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይሠራም። እነዚህ ሁለቱ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ፤ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ፣ ዱቄትም ቢሆኑ ያው ናቸው። ምልክቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል «ደህና ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ከበላ ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም መደወል ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ስለዚህ የቆሻሻው ቅርጫት ክዳን ያለው ይሁን። ለውሻው ጉርሻ ካልሰጠሁ የሚል አጎት አይጠፋም፤ በትሕትና «ጋሼ፣ ሽንኩርት አይስማማውም» በሉት።

ቡና ሲፈላም እንዲሁ ነው። ረከቦቱም፣ የሚፈላው ጀበናም ከወለል ብዙ አይርቁም፤ የደስተኛ ውሻ ጭራ ደግሞ አንድ ሲኒ አይምርም። የቡና ፍሬውና አተላውም ለውሻ መርዝ ነው። ዘዴው ለውሻው ቋሚ ቦታ መስጠት ነው። ሰው ከሚመላለስበት ወጣ ያለ፣ ግን ቤተሰቡን የሚያይበት ጥግ ምረጡለት። እዚያ መኝታውን አንጥፉ፤ እኛ ከመብላታችን በፊት እሱ ምግቡን ይብላ። ለሕፃናት የሚሸጠው ዝቅተኛ የመከለያ በር ካለ ደግሞ እማዬ ቡናዋን በሰላም ታፈላለች። ያው በር ሌላም ጥቅም አለው፦ ሶላት የሚሰገድበት ወይም ጸሎት የሚደረስበት ክፍል እንስሳ እንዳይገባበት ይከለክላል። ይህን ጉዳይ ውሻው ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ስለ ቀለም አንድ የሚገርም ነገር አለ። ውሻ በደንብ የሚለየው ሰማያዊና ቢጫ ነው፤ ቀይና አረንጓዴን አይለይም። ቀይ ኳስ አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ብትወረውሩለት በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው የሚፈልገው። ኳሱ ሰማያዊ ቢሆን ይሻላል። የሶፋውን ልብስ ግን ለሰው ብላችሁ ምረጡ፦ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ፣ ወልቆ የሚታጠብ፣ ቀለሙም ወደ እንስሳው ፀጉር የሚጠጋ። ነጭ ውሻ ጥቁር ሶፋ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚተው መገመት አያቅትም። ያረጀ ውሻ ካላችሁ የሚያንሸራትት ወለል እግሩን ስለሚያስቸግረው ከሥሩ ጎማ ያለው ረጅም ምንጣፍ አንጥፉለት።

ወፍ ለምትፈልጉ ደግሞ አጭር ማስጠንቀቂያ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ ነበር፤ መርዛማ ጋዝ ካለ ከሰው ቀድማ ስለምትደክም ያስጠነቅቃቸዋል። የዕጣን ጭስ፣ የከሰል ጭስ፣ እንጀራ እንዳይዝ ቅብ የተደረገበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ትነት፣ ሁሉም ወፍን ሊገድሉ ይችላሉ። የወፏ ጎጆ ከማድቤትና ከቡና ቦታ የራቀ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይሁን። እንዲህ ያለ ክፍል ከሌላችሁ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ ወፍ ባይመጣ ይሻላል።

የቃላት ፍቺ
ቃጫ፦ ከተክል ቅጠል የሚወጣ፣ ገመድ የሚሠራበት ጠንካራ ጭረት
አክርማ፣ ስንደዶ፦ መሶብና ሰፌድ የሚሰፋባቸው የሣር ዓይነቶች
መንጠራራት፦ እጅና እግርን ዘርግቶ ሰውነትን መሳብ
ረከቦት፦ ሲኒዎች የሚደረደሩበት ዝቅተኛ ሣጥን መሰል ጠረጴዛ
አተላ፦ ቡናው ከተቀዳ በኋላ ከሥር የሚቀር ዝቃጭ

የቤት ሥራ
ሳሎናችሁ ውስጥ በጉልበታችሁ ተንበርከኩና በዚያ ቁመት የምታዩትን ሁሉ በአማርኛ ጻፉ። ቢያንስ 10 ዕቃ ይሁን። ከዚያ የሳሎኑን ፕላን ሳሉ፤ መኝታው፣ የምግብ ሳህኑና መቧጨሪያው የት እንደሚሆን አመልክቱ። እንስሳ የማይገባባቸውን ቦታዎች ከወላጆቻችሁ ጋር መርጣችሁ በቀይ አቅልሙ። እንስሳ የሌላችሁ ልጆች ደግሞ ለምትፈልጉት እንስሳ ሳሉና ወላጆቻችሁን የሚያሳምኑ 5 ዓረፍተ ነገሮች ጨምሩ። «እባካችሁ» የሚለው ቃል አይቆጠርም! ሥዕሉን ለመጪው ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።