ፀጉሯን ለምትነጭ ልጅ ምን እንመልስላት?

በለቅሶ ፀጉር መንጨትና ፊት መቧጨር እንደማይገባ ካህናት ደጋግመው ያስተምራሉ። መነሻቸው ዘዳግም 14፥1 ነው፤ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መቁረጥና ራስን መላጨት ተከልክሏል። ይህን የሚያውቅ የንስሐ አባት ጎጃም ውስጥ ጅጋ ላይ አንዲት ልጅ ሻሿን ፈትታ የተመለጠ አናቷን ብታሳየው፣ «ራሴ ነጭቼው ነው» ብትለው፣ ወዲያው ቀኖና ሊፈልግላት ይችላል። እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ትእዛዙ የሚናገረው ሰው አውቆና ወዶ ስለሚያደርገው የሐዘን ልማድ ነው። ኃጢአት እንዲባል ፈቃድ ያስፈልጋልና። ይህች ልጅ ግን የምታለቅስለት ሬሳ የላትም። ማታ ስታጠና ወይም ብቻዋን ከብት ስትጠብቅ እጇ ወደ ራሷ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ሳይታወቃት፣ አንዳንዴም ካልነጨች የማይለቅ ጭንቀት ይዟት። ስትነጭ ለጊዜው ቀለል ይላታል። ከዚያ ታፍራለች፤ እፍረቱ ያስጨንቃታል፤ ጭንቀቱ እጇን መልሶ ያነሣዋል። አሎፖ የተባለ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1889 ሕመሙን ትሪኮቲሎማኒያ ብሎታል። ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን እንደሚይዝ ይገመታል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከ10 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ቅንድባቸውንና ሽፋሽፍታቸውን የሚነጩም አሉ።

ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ ሕመሙን በእርሱም በወላጆቹም ኃጢአት አላሳበበም (ዮሐ. 9)። እኛ ግን «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «መተት ነው» ለማለት እንቸኩላለን፤ አለዚያም ልጅቱን እንገርፋለን። ዱላ ጭንቀት ከመጨመር በቀር ምን ይፈይዳል?

አስቀድሞ ሕመሙን መለየት ያስፈልጋል። ላሽ ቦታውን ልሙጥ አድርጎ ይተወዋል። ቆረቆር ቅርፊት ያወጣል፤ ያሳክካል። የተነጨ ራስ ላይ ግን አጭርም ረጅምም ፀጉር ተደባልቆ ይቀራል። ያም ሆኖ ቁርጡን የሚናገረው ሐኪም ነው።

አዝሪንና ነን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ዘዴ እስከ ዛሬ ከሁሉ በፊት የሚመከር ነው። ልጅቱ እጇ የሚነሣበትን ሰዓትና ቦታ ትመዘግባለች። እጇ መነሣት ሲጀምር ጨብጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ትቆያለች፤ ወይም ሌላ ነገር ታስይዘዋለች። ለዚህ የጎጃም ቤት አይቸገርም፤ እንዝርት የያዘ እጅ ፀጉር አይነጭም። መቁጠሪያም ያገለግላል፤ ግን እንደ ቅጣት ከተሰጣት ሌላ ሸክም ይሆንባታል። ስግደትም እንደዚሁ። ለሕመም ቀኖና አይሰጥም፤ በዚህ ላይ የምደራደረው የለኝም።

«ጸበል ይበቃታል» የሚል አይጠፋም። ትጠመቅ፤ ማን ከለከላት? ሲራክ ግን በምዕራፍ 38 ታማሚው እንዲጸልይም፣ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥም ያስተምራል። ሉቃስ ወንጌላዊ ሆኖ ሐኪም ነበር። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት፣ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል አለ። የነጨችውን የምትውጥ ከሆነ ግን ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ይያት። ፀጉር ስለማይፈጭ ሆድ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል፤ በቀዶ ሕክምና እስከ መውጣት ሊደርስ ይችላል። ሆዷን ካመማት፣ ካስመለሳት ወይም ከከሳች ዛሬውኑ ትሂድ።

ከመንጨት ብታርፍ ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ለዓመታት የተነጨ ሥፍራ ግን ላይመለስ ይችላል። እናቲቱም በየማለዳው የልጅቱን ራስ እየገለጠች አትመርምራት። በሳምንቱ «አባ፣ ዛሬም ነጨሁ» ብላ ብትመጣ፣ የንስሐ አባቷ «ስንት?» አይበላት። «የት ሆነሽ ነው ልጄ? በስንት ሰዓት? እጅሽ ምን ይዞ ነበር?» ብሎ ይጠይቃት። ማታ ብቻዋን ስታጠና ከሆነ፣ ጥናቷን እናቷ ከምትፈትልበት አጠገብ ታድርገው።