ሕጉ ጥቂት በሆነ ጨዋታ አጠራጣሪውን ማን ይወስናል?

ጥያቄ፦ ሕጉ ጥቂት በሆነ የሚና ጨዋታ ላይ ውጤቱ ሲያጠራጥር ምን ይደረጋል?

መልስ፦ በቅድሚያ የጨዋታው መሪ ይፈርዳል፤ ዳይስ የሚጣለው ፍርድ ሲያቅት ብቻ ነው። በጠራ ቀን የስሜንን ገደል በገመድ የሚወርድ እረኛ ዳይስ አያስፈልገውም፤ በጉምና በውርጭ ከሆነ ግን ያስፈልገዋል። ከመጣሉ በፊት ቢሳካ የሚገኘው፣ ባይሳካ የሚታጣው ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ክርክርን የሚያስቀረው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ፍርድን በዳይስ ቦታ መተካት የቆየ ዘዴ ነው፤ የፕሩሲያው መኮንን ቨርዲ ዱ ቨርኖይስ በ1876 እ.ኤ.አ. የጦር ጨዋታን ያቀለለው በዚሁ መንገድ ነው።

መሸነፍም ዋጋ ያስከፍል እንጂ ጨዋታውን አያቁም። ለምሳሌ በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን ቢሰጥና ጠያቂው ካልተቀበለ ሌላ ያስጨምረዋል፤ ሲስማማ ፍቺው ይነገርና ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል።