«ገባችሁ?» — «አዎ!»

በየክፍሉ የተለመደ አንድ ነገር አለ። መምህሩ ገለጻውን ሲጨርስ «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ፤ ትምህርቱም ወደሚቀጥለው ርእስ ያልፋል። በመንግሥት ትምህርት ቤትም ሆነ በቁምስናችን የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ይኸው ነው። ያልገባው ልጅም ከሌሎቹ ጋር «አዎ» ብሏልና ማንም አላወቀበትም።

በሀገራችን ስለ ትምህርት የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ክፍል አይወርድም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ተማሪውም በተከታታይ እንዲመዘን ደነገገ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ ፖሊሲ ወጣ፤ የእርከኑም አከፋፈል ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመት ሆነ። በዚያው ዓመት የተገለጸው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሁሉንም አስደነገጠ፤ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ከዚያ ወዲህ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃትና ስለ መጻሕፍት እጥረት ብዙ ተብሏል። ያ ወጣት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንበሩ ሳይጠፋ ሲማር፣ አለመረዳቱን ያስተዋለ ማን ነበር? ይህ ጥያቄ ሲነሣ የምንሰማው ግን ከስንት አንዴ ነው።

ጥያቄውን አጥብቀው ካነሡት ካህናት አንዱ ጣሊያናዊው አባ ሎሬንዞ ሚላኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 በፊሬንሴ ከተማ ከባለጸጋና ከተማረ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በ1947 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። መጀመሪያ በተመደቡበት በካሌንዛኖ ለወጣት ሠራተኞች የማታ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1954 መጨረሻ ላይ መንገድም የኤሌክትሪክ መብራትም ወዳልነበራት ባርቢያና ወደምትባል ትንሽ የተራራ ቁምስና ተላኩ።

አባ ሚላኒ ትምህርት ቤት የከፈቱበት ምክንያት በተለይ ለካቴኪስቶች የሚጠቅም ነው። ምእመናኑ ይቆርባሉ፣ በዓላትን ያከብራሉ፣ የትምህርተ ክርስቶስን መልሶች በቃል ያውቃሉ፤ ዳሩ ግን ቃላቱ አልገቧቸውም። ቃል የሌለው ሰው ደግሞ ስብከቱንም፣ ጋዜጣውንም፣ በፊርማው የሚያጸድቀውን ውልም ሌላ ሰው እንደተረጎመለት ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ ለድሃው ቋንቋን ማስተማር ከእረኝነት ሥራቸው የተለየ ሆኖ አልታያቸውም። ይህን ሐሳብ የጻፉበት መጽሐፍ በ1958 ሲታተም ከሽያጭ እንዲነሣ ከሮም ታዘዘ፤ እገዳው ከአሁን በኋላ እንደማይጸና የተገለጸው በ2014 ነው። በሰኔ ወር 2017 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ራሳቸው ባርቢያና ድረስ ሄደው በመቃብራቸው ላይ ጸለዩ። አባ ሚላኒ ይህን ሳያዩ በ1967 በ44 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

በባርቢያና የተሰበሰቡት ልጆች ብዙዎቹ በመንግሥት ትምህርት ቤት የወደቁ የገበሬ ልጆች ነበሩ። የትምህርቱ አካሄድ እጅግ ቀላል ነው። ጋዜጣ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አስቸጋሪ ቃል ሲመጣ ንባቡ ይቆማል፤ ከሁሉ ዘግይቶ የሚረዳው ልጅ እስኪገባው ድረስም ማንም ወደፊት አይሄድም። ትልልቆቹ ታናናሾቹን ያስተምራሉ። በየኔታ እግር ሥር ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ በቆሎ ተማሪ ቤትም ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠና ነበር። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ንባቡ ቀድሞ ትርጓሜው ኋላ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ ወደ ትርጓሜው የሚደርሱትም ጥቂቶች ነበሩ።

የጽሕፈት ትምህርታቸውም መጠቀስ ይገባዋል። ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ ያሰበውን በትንንሽ ቁራጭ ወረቀት፣ በአንዱ ወረቀት ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ አድርጎ ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቶቹ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የሚመሳሰሉት በአንድ ይደረደራሉ፤ የተደጋገመው ይወጣል፤ በመጨረሻም ትርፍ ቃል እየታደነ ይሰረዛል። ስምንት ልጆች በዚህ መንገድ ለአንዲት መምህርት የላኩት ረጅም ደብዳቤ በ1967 ታትሞ መላውን ጣሊያን አነጋገረ። ሀገሪቱ በ1962 ባወጣችው ሕግ መካከለኛውን ትምህርት ለሁሉም አንድ አድርጋ ነበር፤ ልጆቹ ግን ሕጉ ከወጣም በኋላ በፈተና እየወደቁ የሚወጡት የድሆች ልጆች መሆናቸውን በቁጥር አሳዩ፤ ማንም እንዳይጣልም ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ተማሪ ካልወደቀ ትምህርት ይረክሳል የሚሉ አሉ። እኛም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በነበረው ነፃ ዝውውር ምክንያት ይህን ወቀሳ ብዙ ሰምተናል፤ ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያየ ወላጅ ቢቆጣ አይፈረድበትም። እንደ እኔ አስተያየት ግን ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። ባርቢያና ልጁን ባትጥለውም ሳይማር አላሳለፈችውም፤ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በበዓልም ጭምር አብራው ተቀመጠች። አለመጣልን ወስደን አብሮ መቀመጡን ከተውን ተሐድሶው ስሙ ብቻ ይቀራል።

2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች መሆናቸውን ከማስታወሱም በላይ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በተለይ ለድሆችና የቤተሰብ ድጋፍ ለሌላቸው እንዲያስቡ አሳስቧል። በትምህርት ቤቶቻችን ደጃፍ ለምዝገባ የሚሰለፈውን ሕዝብ ስናይ ደስ ይለናል። ሆኖም በመግቢያ ፈተና የሚመረጠው አስቀድሞ የሚያውቀው ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ደስታችን ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

በእጃችን ያለው ክፍል ግን በሳምንት አንዴ የሚሰበሰበው የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ነውና ከዚያ እንጀምር። «ምስጢረ ጥምቀት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ በቃል ያጠናውን መልስ የሚያንበለብለውን ልጅ አመስግነን፣ «ይህን ለታናሽ እኅትህ በቤት ቋንቋችሁ እንዴት ትነግራታለህ?» እንበለው። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ መልሱን ቶሎ ልንሰጠው አይገባም፤ ጥቂት እንታገሥ፤ የሚያሰላስልበትን ጊዜ የምንነጥቀው እኛው ነን። እጁን ያላነሣውንም፣ ከኋላ የተቀመጠውንም በቁጣ ሳይሆን በስሙ እንጥራ። ደብተር ባይኖር ከአሮጌ ወረቀት የተቀደደ ቁራጭ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ያልገባውን አንድ ቃል ስሙን ሳይጽፍ ጽፎ ይስጠን፤ መጻፍ ያልቻለው ለጓደኛው ይንገረውና ይጻፍለት። በሚቀጥለው እሑድ ትምህርቱን ከእነዚያ ቃላት እንጀምር። ለመጀመሪያ ቁርባን የተያዘው ቀን ቢቃረብም እንኳ፣ ቁራጮቹ ሳይነበቡ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አንለፍ።