የበርሊን ግንብ በምን ወደቀ?



ነሐሴ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት የምሥራቅ ጀርመን ወታደሮች በርሊንን በእሾህ ሽቦ ከፈሏት፤ ሽቦውም ቆይቶ ግንብ ሆነ። ምዕራብ በርሊንን የከበበው አጥር 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የተሠራውም ጠላት እንዳይገባ ሳይሆን የገዛ ሕዝባቸው እንዳይወጣ ነው። በዚሁ ግንብ ምክንያት ቢያንስ 140 ሰዎች ሞተዋል።

ብዙ ሰው «በአንድ ባለሥልጣን ስሕተት ወደቀ» ይላል። እኔ ግን ነገሩን ከላይፕሲግ ከተማ እጀምራለሁ። በዚያ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ዘወትር ሰኞ ስለ ሰላም ይጸለይ ነበር። አንዳንድ ሰኞ የሚመጡት እጅግ ጥቂት ነበሩ። (የእኛን የሰኞ ጉባኤ አስቡት!) መስከረም 29 ቀን 1982 ዓ.ም. ግን ከጸሎቱ በኋላ 70,000 ያህል ሕዝብ በጎዳና ሄደ። ቄስ ክርስቲያን ፉረር ኋላ እንዳስረዱት፣ ሻማ የያዘ ሰው በሌላው እጁ ነፋስ ስለሚከልል ድንጋይ ሊያነሣ አይችልም። የተደረደረውም ጦር አልተኮሰም። ፍርሃት የተሰበረው ያን ማታ ይመስለኛል።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 30 ቀን፣ ጉንተር ሻቦቭስኪ አዲሱን የጉዞ ደንብ ለጋዜጠኞች አነበበ። «ከመቼ ጀምሮ?» ቢሉት ወረቀቱን አገላብጦ «ወዲያውኑ» አለ፤ ደንቡ ግን ለማግስቱ የታሰበ ነበር። ሕዝቡም ወደ በሮቹ ጎረፈ። በቦርንሆልመር መንገድ የነበረው መኮንን ሃራልድ ዬገር ወደ አለቆቹ ደጋግሞ ደወለ፤ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በሩን ከፈተው።