ሕመምህን አትሸሽግ፦ በፔታህ ቲክቫ ክፋር ጋኒም ሰፈር ኳስ ለሚጫወት የልጅ ልጄ

ልጄ፣ ከልምምድ ስትመለስ ታነክሳለህ፤ ስጠይቅህ «ምንም አልሆንኩም» ትለኛለህ። እኛ ዘንድ ሕመም ችሎ ዝም ማለት ጀግንነት ነው፤ አሰልጣኝ ፊት «አመመኝ» ማለትም ያሳፍራል። በዚህ አልስማማም፤ ስለዚህ እመክርሃለሁ።

1. ያመመህን በዕለቱ ተናገር። አጥንትህ ገና እያደገ ነው፤ ጅማት የሚያያዝበት ቦታ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ሩጫና ዝላይ ሲበዛ እሱ እየተጎተተ ይቆጣል። ከጉልበት ሎሚ በታች ሲያብጥና ሲያም ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል፤ ተረከዝ ላይ ሲሆን ሴቨር ይባላል። ልምምዱ በጊዜ ከተቀነሰ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ዝም ካልክ ግን አሰልጣኙ በምን ያውቃል?

2. ማሟሟቂያውን አታሳጥር። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጀው «11 ፕላስ» 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሩጫ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ የሆድና የታፋ ጡንቻን ማጠንከር፣ ዘሎ ማረፍ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ ጉዳቱን በሲሶ ገደማ እንደቀነሰ በ2008 ታትሟል። ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ሥራው። ዘለህ ስታርፍ ጉልበትህ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ተጠንቀቅ፤ የጉልበት ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

3. ቁርጭምጭሚትህ ሲያብጥ በዚያው ቀን አትታሽ። ጎንደር ሳለን ወጌሻ ብዙ ሰው አንስቷል፤ አልክድም። ግን ትኩስ ጉዳት ላይ ቅቤ ቀብቶ ማሸት እብጠቱን ይጨምራል፤ ስብራት ካለም ያባብሰዋል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተህ ራጅ መነሣት አለብህ። ካልተሰበርክ የጤና መድናችን ኩፓት ሆሊም ወደ ፊዚዮቴራፒስት ይልክሃል። እዚያ የሚሰጥህን እንቅስቃሴ ቤትም ሥራ፤ ሕመሙ ሲጠፋ አታቋርጠው፤ ያልጠነከረ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ወለም ይላል።

4. ጭንቅላትህ ተመትቶ ካዞረህ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አትመለስ።

5. ለመመለስ አትቸኩል። በከተማችን በማካቢ ፔታህ ቲክቫ ያደገው ተጫዋች ማኖር ሰለሞን በ2023 ቶተንሃም ሳለ ጉልበቱን ተጎድቶ የቀረው የውድድር ዘመን አመለጠው። በተከታዩ ዘመን ግን በውሰት ለሊድስ ተጫውቶ ክለቡን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካሳደጉት አንዱ ሆነ። አንተ ደግሞ ከፊትህ ብዙ ዓመት አለህ፤ አንድ ጨዋታ ቢያልፍህ ምንም አይደል። ለአሰልጣኝህ መንገር ከከበደህ ለእኔ ንገረኝ፤ አብሬህ ሄጄ እነግርልሃለሁ።