ቀለሙ ከቆዳው እንዳይለይ



ስለ ቆዳ ማቅለም እንድንጽፍ ያስገደደን አንድ ነጭ ነጠላ ነው። በሸዋ ሮቢት የተቋቋመው የቆዳ ሥራ ቡድን በመጀመሪያ ከሠራቸው ዕቃዎች አንዱ በትከሻ የሚንጠለጠል የመጽሐፍ ቅዱስ መያዣ ነበር። ቀይ ቀለም ቀባነው፤ ላዩን በኪዊ ወለወልነው፤ ለዓይን እጅግ ያማረ ሆነ። ከምእመናን መካከል አንዲት አረጋዊት እናት የመጀመሪያውን ገዙ። በማግሥቱ ግን ነጠላቸውን አጣጥፈው ይዘው መጡ። ከትከሻ እስከ ወገብ በማንገቻው ልክ ቀይ መስመር ወጥቶበታል። «ልጆቼ፣ ሥራችሁስ ያምራል፤ ነገር ግን ለቆዳው መስጠት የሚገባችሁን ቀለም ለእኔ ነጠላ ሰጣችሁት» አሉን። ገንዘባቸውን መለስን፤ ነጠላውንም ተካን። የዚያ ሳምንት ትርፍ በዚሁ አለቀ።

ነገሩ ለቀልድ የሚነገር አይደለም። ከቡድኑ አባላት የሚበዙት በ2013 ዓ.ም አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ወይም በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ በመጣ ጊዜ ንብረታቸውን ያጡ ናቸው። እርዳታ ተቀብለው የኖሩበት ጊዜ በቂያቸው ነው፤ አሁን የሚፈልጉት የሚሸጥ ሥራ ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ወሬ ፈጣን ነው። «የእነ እገሌ ቆዳ ቀለሙን ይለቃል» ከተባለ በኋላ ስም ማደስ ቆዳ ከማደስ ይልቅ ይከብዳል።

በመጀመሪያ ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ጣልን። ሌላ ቀለም ገዛን፤ እርሱም ለቀቀ። በኋላ ቆዳውን አገላብጠን ስንመረምር ስሕተቱ የራሳችን ሆኖ ተገኘ። የገዛነው ቁርጥራጭ በፋብሪካ ያለቀለት፣ ላዩም በስስ ልባስ የተሸፈነ ነበር። እኛ ደግሞ በዚያ ልባስ ላይ ነበር ቀለም የምናፈሰው። ቀለሙ የሚገባበት ቀዳዳ አጥቶ ላዩ ላይ ደረቀ፤ ላብ ሲነካው ተነሣ።

ስለዚህ የትምህርታችን መጀመሪያ ይህ ነው፤ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ቆዳውን እወቁ። ቆዳ የሚለፋበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነው። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛው ቆዳ በክሮም ጨው የለፋ ነው፤ ይኸውም ለስላሳ፣ ውኃን የሚቋቋም፣ ሲቆርጡት ብዙውን ጊዜ ውስጡ ወደ ግራጫ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ሁለተኛው በዛፍ ቅርፊትና ፍሬ የለፋው ነው። እርሱ ጠንከር ይላል፤ ሲቆረጥ ውስጡ ቡኒ ነው፤ ማኅተም ሲጫኑበትም ቅርጹን ይይዛል። የብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታ የሚለበጥበት፣ መስቀልና ሐረግ የሚታተምበት ቀይ ቡኒ ቆዳ ይህን ጠባይ ያሳያል። ጥርጣሬ ካላችሁ የጥፍር ያህል ቁራጭ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ጣሉ። በቅርፊት የለፋው ወዲያው ተኮማትሮ ይጠቀለላል፤ በክሮም የለፋው ግን እምብዛም አይለወጥም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ ውኃ በቆዳው ፊት ላይ አኑሩ። ውኃው ከሰረገና ቦታው ከጠቆረ ቆዳው ክፍት ነው፤ ቀለም ይቀበላል። እንደ ጤዛ ተንከባሎ ከቀረ ግን ልባስ ወይም ቅባት አለበት። እንዲህ ያለውን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ደጋግሞ መጥረግ ይገባል። ጠብታው አሁንም የማይሰርግ ከሆነ ያን ቆዳ ለማቅለም አትድከሙ፤ በራሱ ቀለም ተጠቀሙበት። እኛ ይህን ለማመን ስድስት ቀበቶ አበላሽተናል።

ስለ ኪዊም አንድ ቃል እንበል፤ ሁላችንም ከሊስትሮ ሣጥን ጀምሮ የምናውቀው ነውና። ኪዊ ሰምና ጥቂት ቀለም ነው። ቀለም የያዘን ቆዳ ያብረቀርቃል እንጂ ቀለም ላልያዘ ቆዳ ቀለም አይሆንም። እንደ ማቅለሚያ ወፍራም አድርጎ የቀባው ሰው የሚሸጠው ልብስ የሚያበላሽ ዕቃ ነው።

ቀጥሎ የቆላው ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። የቆዳ ሥራ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚጻፉት ለቀዝቃዛ አገር ነው። በአልኮል የተበጠበጠ ቀለም በደብረ ብርሃን ብርድ ቀስ ብሎ ሲሰርግ፣ በእኛ ዘንድ ግን ጨርቁ ከቆዳው ሳይነሣ ይደርቃል፤ የተቀባበትም መንገድ ሁሉ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ቀለም የምንቀባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ በጥላ ሥር ነው። ቆዳውን አስቀድመን በእርጥብ ስፖንጅ በእኩል እናርሰዋለን፤ ውኃ እስኪንጠባጠብ ግን አይደለም። ቀለሙን አቅጥነን በመጀመሪያ ክብ ክብ እያደረግን፣ ሁለተኛውን ዙር ከላይ ወደ ታች፣ ሦስተኛውን ደግሞ አግድም እንቀባለን። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይበልጣል። ወፍራሙ ቅብ ላዩ ሲደርቅ ትርፍ ቀለሙ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል፤ ነጠላውን ያቀላው እንዲህ ያለው ዱቄት ነው።

ከቀቡ በኋላ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ፈትጉ። ጨርቁ ከቀላ ለውጡና እንደገና ፈትጉ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ድረስ አትተዉ። ከዚህ በኋላ ነው ጥቂት ቅባት፣ በመጨረሻም ከንብ ሰም የተዘጋጀ ማሸጊያ የሚቀባው። ሰሙ ቀለም አያስይዝም፤ የያዘውን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጥቁር ቀለም እንለፍ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የምንወደው ይህን ነው፤ የሚገዛ ነገር እምብዛም የለውምና። በቅርፊት የለፋ ቆዳ ታኒን የሚባል ነገር በውስጡ አለ። ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። በአንድ ሊትር አቼቶ ውስጥ አንድ እፍኝ የዛገ ምስማር ወይም የብረት ፍቅፋቂ ጨምሩ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ነገር ግን ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ። ከዚያ በጨርቅ አጥልላችሁ ቀቡ። በመጀመሪያ ምንም የሠራ አይመስልም፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ግራጫ፣ ኋላም ጥቁር ይሆናል። ቡድኑ ይህን መጀመሪያ ያየ ዕለት አንዲት ልጅ «ቆዳው ራሱ ነው እንዴ የሚጠቁረው?» ብላ ጠየቀች። አዎን፣ ነገሩ እንዲያ ነው። ጥቁረቱ በቆዳው ሥር ውስጥ ስለሚፈጠር እንደ ዱቄት ላዩ ላይ አይቀመጥም።

ሆኖም ሁለት ጥንቃቄ አለ። አቼቶው ኮምጣጣ ስለሆነ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ቆዳውን እጠቡት፤ ከዚያም በንጹሕ ውኃ አለቅልቁና ሳይደርቅ ጥቂት ቅባት ስጡት። ሁለተኛም፣ ብረት ሲበዛ ቆዳው ከዓመታት በኋላ ይሰባበራል። በብረት ቀለም የተጻፉ የአውሮፓ አሮጌ መጻሕፍት ፊደሉ ባለበት ቦታ ወረቀቱ ተበልቶ የሚገኘው ስለዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ቅብ ይበቃል። በክሮም የለፋ ቆዳ ካላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ በወፍራም ሻይ ወይም በተቀቀለ የግራር ፍሬ ውኃ አርሱት፤ ታኒን የሚያገኘው ከዚያ ነውና። በይፋት ቆላ ግራር አልጠፋም። በሱዳን ቆዳ አልፊዎች ገረድ የሚሉት ፍሬ የአንድ የግራር ዓይነት ፍሬ ነው። ቅርፊት ከፈለጋችሁ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ውሰዱ፤ የቆመን ዛፍ ግንድ ዙሪያውን መላጥ ዛፉን መግደል ነው።

ቀዩ ከባድ ነው። ሰው የሚወደውም የሚለቀውም እርሱ ነው። በቀይ የቀለመ የአውራ በግ ቁርበት በኦሪት ዘጸአት ለመገናኛው ድንኳን መሸፈኛ ታዝዞ እናገኘዋለን፤ ስለዚህ ሥራው ጥንታዊ ነው። በምዕራብ አፍሪካ የሐውሳ ሰዎች የፍየል ሌጦ በአንድ ዓይነት ማሽላ ቅጠልና አገዳ ልባስ ያቀሉ ነበር። ያ ቆዳ በግመል ሰሐራን አቋርጦ በሞሮኮ በኩል አውሮፓ ስለ ገባ አውሮፓውያን «የሞሮኮ ቆዳ» አሉት፤ የሠሩት ሰዎች ስም ግን በመንገድ ቀረ። ማሽላ የይፋትም እህል ነው፤ የእኛው ማሽላ ያን ያህል ቀይ ይሰጥ እንደሆነ ቡድኑ ገና በመሞከር ላይ ነው። ከዚህ ሌላ እናቶች ቅቤ የሚያቀልሙበት የመቅመቆ ሥር ከቢጫ እስከ ቡኒ ያወጣል። በቆላው ሴቶች እጃቸውን የሚያቀሉበት ሂናም ቆዳን ይይዛል፤ የሰው ቆዳና የፍየል ሌጦ በባሕርያቸው ሩቅ አይደሉምና። እነዚህ የዕፅ ቀለሞች ለዘብ ያሉ ናቸው፤ ፀሐይም ያደበዝዛቸዋል። ደማቅ ቀይ የሚፈልግ ከፋብሪካ ቀለም አያመልጥም። እርሱም ቢሆን ቆዳው ክፍት ከሆነ፣ ቅቡም ስስ ከሆነ ይይዛል።

የፋብሪካ ቀለም ታሪክ ረጅም አይደለም። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቀለም ሐምራዊ አድርጎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ከዚያ ወዲህ የቀለሙ ዓይነት በዛ፤ ጉዳቱም አብሮ መጣ። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት አዲስ የተቀባ ጫማ ሳይደርቅ ያደረጉ ሰዎችና ሕፃናት ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ የታመሙበት ጊዜ ነበር፤ በቀለሙ ውስጥ የነበረው አኒሊን ወይም ናይትሮቤንዚን በእግራቸው ቆዳ በኩል ገብቶ ደማቸውን መርዞ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ካንሰር የሚያመጡ ነገሮችን የሚለቁ የተወሰኑ አዞ ቀለሞች ሰውነት በሚነካ ጨርቅና ቆዳ ላይ እንዳይውሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ከልክሏል። ስለዚህ ምልክት የሌለው፣ በላስቲክ ተቋጥሮ በገበያ የሚሸጥ የቀለም ዱቄት ርካሽ ቢሆንም አትግዙ። ጓንት ሳታደርጉ አትንኩ፤ ዱቄቱንም ነፋስ ባለበት አትበጥብጡ። ለቀለም የዋለ ጣሳ ወደ ወጥ ቤት አይመለስ። አልኮል ባለበት ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አይግባ። እዚህ ላይ ቡናችን ጠላት ሊሆንብን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቡናው የሚፈላው ግቢ ውስጥ ነው።

የቀለም እጣቢስ ወዴት ይሄዳል? በመጀመሪያ ወደ ቦይ እንደፋው ነበር፤ ቦዩ ወደ ሮቢ ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ በታች ያሉት ገበሬዎች ሽንኩርታቸውን የሚያጠጡት በዚያው ውኃ ነው፤ ከብትም ይጠጣዋል። አሁን ትርፉን ቀለም እየቆጠብን ለሚቀጥለው ሥራ እናኖራለን፤ እጣቢውን በላስቲክ በተነጠፈ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ፀሐይ እንዲያተነው እናደርጋለን። በዚህ ነገር የቆላው ሙቀት ረዳን። ዝቃጩ በጣሳ ይጠራቀማል።

ለጉባኤዎችም የምንለው አለ። በአገራችን ቆዳ የሚሠራ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ከቡድኑ አባላት አንዳንዶቹ ሥራውን ሲጀምሩ ዘመዶቻቸው አፍረውባቸው ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። ከእናንተ መካከል ቀበቶ የሚገዛ ሁሉ ዋጋውን ሲከፍል ስድቡንም ከአፉ ያውጣ።

ዕቃው ከመሸጡ በፊት የምናደርገው የመጨረሻ ፈተና ከፋብሪካ ላቦራቶሪ የተማርነው ነው፤ እነርሱ በነጭ የሱፍ ጨርቅ በማሽን ይፈትጋሉ፣ እኛ በእጅ። አንድ ነጭ ጨርቅ በውኃ ረጥቦ ሃያ ጊዜ ይፈተጋል፤ በደረቅ ጨርቅም እንዲሁ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ዕቃው ወደ ኋላ ይመለሳል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኝበት በሰንበቴ የእሑድ ገበያ የቡድኑን ዕቃ የምትሸጥ አንዲት እናት ይህንኑ ፈተና በገዢው ፊት ማድረግ ጀምራለች። አንድ የአፋር ሽማግሌ ለጊሌያቸው የሚሆን ጥቁር ቀበቶ ሲመርጡ ጨርቁን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ፈተጉት። ከዚያ የጨርቁን ሁለት ፊት አገላብጠው አዩና ሁለት ቀበቶ ገዙ።