ስኳርና የሕፃናት ጥርስ

ጅቡቲ በባሕር ዳር የተመሠረተች የወደብ ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቷ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። በጋቦዴም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች የሚያድግ ሕፃን በዚህ ወበቅ ውስጥ ደጋግሞ ይጠማዋል፤ ነገር ግን ጥሙ የሚቆረጠው ሁልጊዜ በውሃ አይደለም። ስኳር የበዛበት ሻይና የታሸገ ለስላሳ መጠጥ ከውሃው ይቀድማሉ።

ስኳር ለአገራችንም ቢሆን የቆየ ምግብ አይደለም። ቀድሞ ጣፋጭ ነገር ማለት ማር ነበር፤ ከማሩም የሚበዛው ወደ ጠጅ ጋን ይገባ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሸቀጥ ወደ ደጋው የሚወጣበት መንገድ ቀና፤ ከሸቀጡም አንዱ ስኳር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር የአገር ውስጥ ምርት ለመሆን በቃ።

ሕዝቡ የተቦረቦረ ጥርስ ሲያይ «ትል በላው» ይላል። በጥርስ ውስጥ ትል የለም፤ ይሁንና አባባሉ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ ጥርስን የሚጎዱት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸውና። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ በሚጋገረው ስስ ቆሻሻ ውስጥ ይኖራሉ። ስኳር ባገኙ ጊዜ አብላልተው ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ኢናሜል ከሚባለው ጠንካራ የጥርስ ሽፋን ማዕድኑን እያሟሟ ያወጣል። ምራቅ የአሲዱን ኃይል አብርዶ የጠፋውን ማዕድን በከፊል ይመልሳል። ለዚህ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ሕፃኑ በየጊዜው ከረሜላ የሚጎርስ ወይም ከጠርሙስ የሚጎነጭ ከሆነ ምራቁ ፋታ አያገኝም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስንት ስኳር ተበላ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ጊዜ ተበላ የሚለው ጭምር ነው። ይህን ያሳየው በስዊድን አገር በቪፔሆልም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላላቸው ሰዎች በተቋቋመ ሆስፒታል ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመው ጥናት ነው። ስኳሩን ከምግብ ጋር ከወሰዱት ይልቅ፣ በምግብ ሰዓቶች መካከል የሚያጣብቅ ከረሜላ የበሉት ሰዎች ጥርስ እጅግ ተበላሸ። ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ጥርሳቸው እንዲጠፋ በመደረጉ ጥናቱ እስከ ዛሬ ይወቀሳል፤ መወቀሱም ተገቢ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሕፃኑ ጣፋጭ ፈሳሽ የያዘ ጡጦ እንደጎረሰ ሲያንቀላፋ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳልና የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ቀድመው ይበሰብሳሉ። «የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወልቃል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ይህ አነጋገር ብዙ ልጆችን ጎድቷል። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ለቋሚዎቹ ቦታ ይጠብቃሉ። ከዚህም በላይ፣ በ6 ዓመት ገደማ የሚወጣው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ከኋላ የሚበቅለው አንድም የወተት ጥርስ ሳይተካ ስለሆነ፣ ከወተት ጥርስ ይቆጠርና ሲቦረቦር ቸል ይባላል። እርሱ ግን አንድ ጊዜ ከተነቀለ ምትክ የለውም።

የበለዘ ጥርስ ሁሉ ስኳር የጎዳው ነው ማለት አይደለም። በዚያው ስኳር በሚመረትበት በወንጂ የብዙ ሰዎች ጥርስ የበለዘው በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ባለ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ነው። ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር እጅግ ሲያልፍ ግን አጥንትን ጭምር ይጎዳል።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከምግብና ከመጠጥ ጋር የሚጨመረው ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ እንዲያንስ መክሯል። 5 በመቶ ለአዋቂ 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አንድ ቆርቆሮ ለስላሳ ብዙ ጊዜ ከ30 ግራም በላይ ይይዛል።

ጥያቄዎች
1. «ትል በላው» የሚለው አባባል በምን በኩል ትክክል ነው? በምንስ በኩል ስሕተት ነው?
2. የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ቸል የሚባለው ለምንድን ነው?
3. «ፋታ» የሚለውን ቃል በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ግቡበት።